ማጭዱን ያሳጠረው ማን ነው?

ስለ እርሻ መሻሻል በሚነገርበት ስብሰባ ሁሉ ማጭድ የሚባለው መሣሪያ እንደ ተከሳሽ ቆሞ ሲወቀስ እንሰማለን። ተናጋሪው ተነሥቶ «እስከ መቼ በማጭድ?» ያለ እንደሆነ አዳራሹ ያጨበጭባል፤ የማጨጃ መኪና በቅርብ ቀን እንደሚመጣም ተስፋ ይሰጠዋል፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም ወደየቤቱ ይሄዳል። ባላገሩ ግን በማግሥቱ ያንኑ ማጭዱን ይዞ፥ ያንኑ ጀርባውን አጕብጦ ወደ ሜዳው ይወርዳል። በሌላ በኩል ደግሞ ማጭድ ሲነካ አባቶቹ የተነኩ የሚመስለው ወገን አለ። ይህኛው ወገን ከጥንት የወረስነው መሣሪያ ለአገራችን አፈርና ለአገራችን ሰው ተስማምቶ የተሠራ ስለሆነ ምንም ሊጨመርበት አይገባም ይላል። እኔ ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት ከሁለቱም ወገን ጋራ ለመከራከር ነው።

ክርክሬም ይህ ነው። ሣር በእጅ መሣሪያ የሚታጨድበት ጊዜ አላለፈም፤ ነገር ግን ከእጅ መሣሪያዎች መካከል እኛ የያዝነው ለሣር የሚስማማውን አይደለም። በአጭሩ ማጭድና በመኪናው መካከል ሰፊ ስፍራ አለ፤ በዚያም ስፍራ ላይ ሌላው ዓለም ሁለት ሺህ ዓመት ያህል ሲሠራበት የኖረ መሣሪያ ቆሟል። እኛ ግን እሱን ሳንይዘው ዘለን ለማለፍ እንመኛለን።

ነገሩ ግልጽ ይሆን ዘንድ መሣሪያውን ልግለጸው። ሁላችን የምናውቀው ማጭድ እንደ ጨረቃ የጎበጠ፥ በአንድ እጅ የሚያዝ፥ በሌላው እጅ የተጨበጠውን ሣር ወይም አገዳ የሚቆርጥ ነው። ሌላው ግን ሰው የሚያህል ቁመት ያለው የእንጨት እጀታና በእጀታው ላይ ሁለት መያዣ አለው፤ ከጫፉም ክንድ ከስንዝር የሚያህል ስስና ሰፋ ያለ ስለት ወደ ጎን ተጋድሞ ይታሰርበታል። ሠራተኛው ቀጥ ብሎ ቆሞ ከቀኝ ወደ ግራ ወገቡን እያዞረ ስለቱን ከመሬት አጠገብ ያንሸራትተዋል፤ የተቆረጠውም ሣር በስተግራው እንደ ረጅም ገመድ ተጋድሞ ይቀራል። ሣሩን መጨበጥ የለም፤ ማጎንበስም የለም። በገበያችን ላይ ከማጭድና ከመጥረቢያ ጋራ ተደርድሮ የማይታይ ስለሆነ የታወቀ ስም አላወጣንለትም። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «የቁም ማጭድ» እለዋለሁ፤ የተሻለ ስም ያለው ሰው ቢያመጣ ግን ደስ ይለኛል።

ይህን መሣሪያ አዲስ የፈረንጅ ፈጠራ አድርጎ የሚያይ ሰው ካለ ታሪክን ይመልከት። በ1ኛው ምዕተ ዓመት የነበረው የሮማ ጸሐፊ ታላቁ ፕሊኒዮስ «የተፈጥሮ ታሪክ» በተባለው መጽሐፉ ውስጥ የኢጣልያ ሰዎች በአጠር ያለው፥ የጋልያ ሰዎች ደግሞ በሰፋፊ እርሻቸው ላይ በረዘመው የሣር ማጭድ ይሠሩ እንደ ነበር ጽፏል። ስለ መሳያ ድንጋይም ሳይቀር ይናገራል፤ ከቀርጤስ የሚመጣው ድንጋይ ዘይት ይፈልግ ስለ ነበር አጫጁ ዘይት የሞላ ቀንድ ከእግሩ ላይ አስሮ ይሄድ እንደ ነበር፥ ኋላ ግን በውኃ የሚሠራ ድንጋይ በኢጣልያ እንደ ተገኘ ይተርካል። ይህ ሁሉ የተጻፈው ሞተር ከመታሰቡ ከ1,700 ዓመት በላይ አስቀድሞ ነው። እንግዲህ የቁም ማጭድ ለኛ ያልደረሰን ሥልጣኔ ስለ ጎደለን ነው የሚል ሰው፥ የትኛውን ሥልጣኔ እንደ ጎደለን ለይቶ ይንገረን።

ወደ ቁጥሩ እንግባ። በጀርመንኛ ተናጋሪ አገሮች የሜዳ ስፋት ይለካ የነበረው አንድ ሰው በአንድ ቀን በሚያጭደው መጠን ነበር፤ እኛ እርሻችንን አንድ ጥንድ በሬ በሚውልበት ልክ «ጥማድ» ብለን እንደምንለካው ማለት ነው። በእንግሊዝ አገርም የአንድ ጎበዝ አጫጅ የቀን ሥራ አንድ ኤከር፥ ማለት 4,000 ካሬ ሜትር ያህል ነው ተብሎ ሲታሰብ ኖሯል። በአጭሩ ማጭድ የሚሠራ ሰው ግን፥ በአውሮፓ እኽል ይታጨድበት ከነበረው ልማድ እንደሚታወቀው፥ ብዙውን ጊዜ ከዚህ ሢሶውን አያልፍም። አንድ ሄክታር፥ ማለት በብዙ አገር ልማድ አራት ጥማድ የሚሆን የሣር ሜዳ ያለው ባላገር አለ እንበል። በቁም ማጭድ ሁለት ቀን ተኩል የሚወስደው ሥራ በአጭሩ ማጭድ ስምንት ቀን ይፈጃል ማለት ነው። ሣሩ የተጋደመ፥ ጓሉ የበዛ፥ አጫጁም የደከመ እንደሆነ ዐሥር ቀን ይሞላል።

«አምስት ስድስት ቀን ቢጨመር ምን ይጎዳል? ባላገር ጊዜ አለው» የሚል አይጠፋም። ትልቁ ስሕተት ከዚህ ላይ ነው። ባላገር ጊዜ የለውም፤ በተለይም በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት መጀመሪያ ከቶ የለውም። ሣር ኃይሉ የሚሞላው ሊያብብ ሲል ነው፤ ካበበና ዘሩን ካፈራ በኋላ አገዳው እንጨት ይሆናል። የከብት መኖ ሊቃውንት በመኖው ውስጥ ያለው ፕሮቲን ከመቶ 7 እጅ በታች የወረደ እንደሆነ በከብቱ ሆድ ውስጥ ሣሩን የሚያብላሉት ረቂቃን ሕዋሳት ይደክማሉ፥ ከብቱም ሆዱ ሞልቶ ሳለ ይራባል ይላሉ። በደጋው ሜዳ ላይ ከሣሩ ጋራ ተደባልቆ የሚበቅለው ማገጥ እንኳ ቅጠሉ የሚረግፈው በዚሁ በመዘግየት ነው። በዚያ ወራት ግን ዝናሙ ገና ፈጽሞ አልወጣም፤ ሦስትና አራት ቀን ብራ ይሆንና እንደገና ይዘንማል። ሁለት ቀን ተኩል የሚፈጀው ሥራ በዚህ ብራ ውስጥ ይገባል፤ ስምንትና ዐሥር ቀን የሚፈጀው ግን አይገባም። ስለዚህ አጭር ማጭድ የያዘው ባላገር ሰነፍ ሆኖ ሳይሆን አስቦ ያዘገየዋል። «ዝናሙ ይውጣ» ይላል፤ ዝናሙ ሲወጣ ገብሱ ይደርሳል፤ ገብሱን ሲያነሣ ስንዴውና ጤፉ ይደርሳሉ፤ በታኅሣሥ ወደ ሣሩ ሲመለስ ነፋስ የሚያንኳኳው ቢጫ ገለባ ቆሞ ይጠብቀዋል። ያንን አጭዶ ይከምርና ድርቆሽ ይለዋል።

ውጤቱ የሚታየው በግንቦትና በሰኔ ነው። ኢትዮጵያ በከብት ብዛት ከአፍሪካ አገሮች ሁሉ ቀዳሚ ናት እየተባለ ይነገራል፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ዝናም ጥሎ መሬቱ ለማረሻ በለሰለሰበት ቀን የብዙው ባላገር በሬ አጥንቱ ተቈጥሮ፥ ቀንበሩን ሲጭኑበት እየተንገዳገደ ይነሣል። ጤፍ ደጋግሞ መታረስ ይፈልጋል፤ የከሳ በሬ ግን እኩለ ቀን ሳይሞላ ይተኛል። ያን ጊዜ እርሻው ይዘገያል፤ የዘገየ እርሻ ዘር ያዘገያል፤ የዘገየ ዘርም ዝናሙ ቀድሞ ሲወጣበት ሳያፈራ ይቀራል። በሬ ሣሩን አይቶ ገደሉን አላየም ተብሎ ይተረትበታል። የኛ በሬ ግን ገደሉን እያየ ሣሩን ያጣ ነው።

አሁን የአባቶችን ማጭድ ወደሚከላከለው ወገን ልመለስ፤ እውነት አለውና። ጤፍ በቁም ማጭድ ይታጨድ የሚል ሰው ጤፍ አያውቅም። አገዳው ቀጭን ነው፥ ይተኛል፥ ፍሬው በትንሽ ንቅናቄ ይረግፋል፤ በእጅ ተጨብጦ በዝግታ ተቈርጦ በነዶ መታሰር አለበት። አውሮፓውያንም ቢሆኑ ለሣር የቁም ማጭድ ይዘው ሳሉ ስንዴአቸውን እስከ 18ኛውና እስከ 19ኛው ምዕተ ዓመት ድረስ በብዙ አገር በአጭሩ ማጭድ ያጭዱ የነበረው ፍሬው እንዳይረግፍ ብለው ነው። ድንጋይ በበዛበት ተዳፋት፥ በእርከን ጠርዝ፥ በቁጥቋጦ መካከልም አጭሩን የሚተካከል መሣሪያ የለም፤ የቁም ማጭድ ስስ ስለት ጠጠር ሲነካ ይታጠፋል ወይም ይሸረፋል።

ከዚህም የሚበልጥ ምስክር በመንዝ አለ። የጓሣን አምባ ያላየ ሰው ሣር እንዲያው ሜዳ ላይ የሚበቅል፥ ጌታም ሕግም የሌለው ነገር ይመስለዋል። የመንዝ ሰዎች ግን 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነውን ይህን አምባ ለብዙ መቶ ዓመታት በ«ቄሮ» ሥርዐት ጠብቀውታል፤ ለተወሰኑ ዓመታት ይዘጉታል፥ ሣሩ ሲደርስ በአንድነት ይከፍቱታል፥ ለቤት ክዳንና ለገመድ ያጭዱታል፥ በስርቆሽ የሚያጭደውንም ይቀጡታል። ሥርዐቱ የላላው በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ከወጣ በኋላ የቀድሞው የርስት አስተዳደር ሲፈርስ ነው፤ ከዚያም ወዲህ ኅብረተሰቡ በሌላ መልክ አቋቁሞ ይጠብቀዋል። ጓሣ በጓል በጓል ሆኖ የሚበቅል ጠንካራ ሣር ስለሆነ እዚያ አጭሩ ማጭድ ልኩ ነው። አባቶቻችን ሣርን እንደ እኽል ቈጥረው ሕግ ያወጡለት መሆናቸውን ከዚህ እናያለን። እንግዲህ «አባቶቻችን» እያለ የሚከራከረኝ ሰው ልብ ይበል፤ የአባቶች ውርስ ሣርን ማክበር ነው እንጂ ጀርባን ማጕበጥ አይደለም። ዋልካ መሬት ላይ ለጥ ብሎ የተኛ፥ ድንጋይ የሌለበት፥ ከጉልበት በላይ የቆመ የሣር ሜዳ ግን በደጋው አገር ሞልቷል፤ የሱሉልታን ሜዳ ብቻ ማየት ይበቃል። ለአዲስ አበባ የወተት ላሞች ድርቆሽ የሚጫነው ከዚያ አይደለምን? እንዲህ ያለውን ሜዳ በጭብጥ በጭብጥ መልቀም ለማን ክብር ነው?

ታዲያ ማጭዱን ያሳጠረው ማን ነው? ባላገሩ አይደለም። ባላገሩ የሚይዘው ቀጥቃጩ የሠራለትን ነው። ቀጥቃጩም አይደለም፤ ቀጥቃጩ የሚሠራው በሰጡት ብረትና በተዉለት ክብር ልክ ነው። እኛ ብረት ሠሪን «ጠይብ» እያልን፥ ዐይኑን እየፈራን፥ ልጃችንን እየከለከልን፥ ከመንደር ዳር አስፍረን ኖረናል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው የሚሰድበውን ሰው የሚገሥጽ አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል፤ ንጉሥ አዋጅ የሚያወጣው ነውሩ ሲበዛ ነው። ነውሩም በአዋጅ ብቻ እንዳልጠፋ በየገጠሩ የዞረ ሰው ያውቀዋል። በዚሁ ዘመን በላይኛው ኦስትሪያ ምን ይሠራ እንደ ነበር እንይ። ሮስላይተን በሚባል መንደር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1540 ዓ.ም. ጀምሮ የቁም ማጭድ ይቀጠቀጥ ነበር። በዚያ ምድር ማጭድ ሠሪዎች ማኅበር ነበራቸው፤ መዶሻቸውን የወንዝ ውኃ ያነሣላቸው ነበር፤ በስለቱም ላይ የየቤታቸውን ምልክት ይመቱ ነበር፤ ሥራቸው ወደ ሩቅ አገር ይሸጥ ነበር፤ ከነሱም ባለጸጎች ይወጡ ነበር። በአንዱ አገር ብረት ሠሪው በምልክቱ ይታወቃል፥ በሌላው አገር በምልክቱ ይሸሻል። በሁለቱ አገሮች ማጭድ መካከል ያለው የእጀታ ርዝመት ልዩነት፥ በእኔ አስተያየት፥ ከዚህ የመጣ ነው።

የሚያሳዝነው ደግሞ ጥበቡ በእጃችን መኖሩ ነው። የኦስትሪያው ስለት በሞረድ ብቻ አይሳልም፤ አጫጁ ራሱ በትንሽ መስፍ ላይ አስቀምጦ ጠርዙን በቀዝቃዛው በመዶሻ እየቀጠቀጠ ያሳሳዋል፤ ከዚያ በኋላ በየጊዜው ከወገቡ ባንጠለጠለው ውኃ ውስጥ የነከረውን መሳያ ድንጋይ አውጥቶ ሁለት ሦስት ጊዜ ያስነካዋል። ማረሻ አጋሎ የሚያሾል፥ የመኪና ባሌስትራ ቈርጦ ቢላዋና ማጭድ የሚያወጣ ያገራችን ቀጥቃጭ መስፉም መዶሻውም ጉጠቱም ወናፉም አለው። እርግጥ ነው፥ ከወፍራም ባሌስትራ ክንድ ከስንዝር የሚሆን ስስ ስለት ጀርባውን አጠንክሮና ሳይጣመም ማውጣት ቀላል ሥራ አይደለም፤ በአንድ ቀን ይለመዳል ብዬ ማንንም አላታልልም። ስለዚህ መጀመሪያ ስለቱ ከውጭ ይግባ፤ ቀጥቃጩ ማሳሳቱን፥ ማቅናቱንና ከእጀታ ጋራ ማሰሩን ይማር፤ መሥራቱ ከዚያ ይከተላል። እጀታው ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እዚሁ መጠረብ አለበት፤ የሰው ቁመት ይለያያልና በእጀታው ላይ ያሉት መያዣዎች ለባለቤቱ ልክ ሆነው ካልተተከሉ ወገብ የሚያድነው መሣሪያ ወገብ ይሰብራል።

ለመኪናው ወገን ደግሞ መልስ አለኝ። መኪና አልጠላም። ሰፊ ሜዳ፥ ነዳጅ፥ መለዋወጫና መካኒክ ያለው ሰው በመኪና ቢያጭድ እሰየው። ነገር ግን መኪና የሚመጣው ብቻውን አይደለም፤ ባለቤትነትንም ይዞ ይመጣል። በስዊድን ርዳታ በ1960 ዓ.ም. ገደማ የተቋቋመውና «ካዱ» በሚባለው አጭር ስሙ የታወቀው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት ሐሳቡ ትናንሾቹን ገበሬዎች ለመርዳት ነበር፤ ይሁን እንጂ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ትርፍ ሲያስገኝ ባለ ርስቶቹ ትራክተር እየገዙ ጭሰኞቻቸውን ከመሬቱ አስነሥተዋል። ይህ በታሪክ የተመዘገበ ነገር ነው። ትራክተሩ ክፉ ስለሆነ አልነበረም፤ የትራክተሩ ጌታና መሬቱን የሚያርሰው ሰው የተለያዩ ስለሆኑ ነው። የቁም ማጭድ ግን ጌታው ያው የሚያጭድበት ሰው ነው።

ከዚህ ላይ የሚነሣውን ከባድ ጥያቄ ዘልዬ ማለፍ አይገባኝም። በአጨዳ ወራት ማጭዳቸውን በትከሻቸው አንግተው ከአገራቸው ወጥተው የቀን ሥራ የሚፈልጉ ብዙ ድኾች አሉ። አንድ ሰው የሦስት ሰው ሥራ የሠራ እንደሆነ ሁለቱ ምን ይበላሉ? መልሴ እንዲህ ነው። አጫጁ በቀን ሳይሆን በታጨደው መሬት ልክ ቢከፈለው የመሣሪያው ትርፍ ለባለ ሜዳው ሳይሆን ለእሱ ይሆናል። ሁለተኛም ዛሬ በጊዜው ሳይታጨድ ቆሞ የሚደርቀው ሣር ብዙ ነው፤ የሚጎድለው ሥራ ሳይሆን በጊዜው የሚደርስ እጅ ነው። ይህን ብዬ ግን ማንም አይጎዳም አልልም። ሆኖም መኪናው በመጣ ጊዜ ከሦስቱ አንዱም እንደማይቀር የታወቀ ነውና፥ ለአጫጁ አዝናለሁ የሚል ሰው አስቀድሞ ከመኪናው ይሟገትለት።

የከተማውን ነገር በጥቂቱ ልንካው። ዛሬ በአዲስ አበባ መንገድ ዳርና በየመሥሪያ ቤቱ ግቢ ሣር መትከል ተወዷል፤ መልካም ነው። አጨዳው ግን ጀርባ ላይ በታዘለ፥ ጆሮ በሚያደነቁርና ቤንዚን በሚጠጣ ሞተር ሆኗል፤ በጫፉ የሚሽከረከረው የናይለን ገመድ ሣሩን ቈርጦ ሳይሆን ቀጥቅጦ በአጥር ላይ ይረጨዋል። ያን የተረጨ ሣር ጠርገው ከቆሻሻ ጋራ ይጥሉታል፤ ከአጥሩ ወዲያ ግን አንዲት ባለ ላም ድርቆሽ በውድ ዋጋ ትገዛለች። በቁም ማጭድ የታጨደ ሣር ሳይደቅቅ ተጋድሞ ይቀራልና ተጠቅልሎ ሊሸጥላት ይችል ነበር። ጽሕፈት ቤት ውስጥ ሆኖ የሚሠራው ሰው ደግሞ መስኮቱን ሳይዘጋ ይውል ነበር።

በአንዳንድ የባሕር ማዶ ልብ ወለድ ውስጥ የቁም ማጭድ የመኳንንት የነፍስ ማደሻ ሆኖ ይታያል፤ የቶልስቶይ «አና ካሬኒና» ያለውን ሌቪን የተባለ ባለ ርስት ከገበሬዎቹ ጋራ ሲያጭድ ያየ አንባቢ ያስታውሰዋል። እኔ ግን የምናገረው ስለ ደስታ አይደለም፤ ስለ በሬ ጎድን ነው።

ስለዚህ ለሚመለከታቸው ሁሉ የማቀርበው ጥያቄ ትንሽ ነው። ሚሊዮን ብር የሚያስወጣ ነገር አልጠይቅም። ከየእርሻ ማሠልጠኛው ጥቂት የቁም ማጭድ ስለት፥ ትንንሽ መስፍና መሳያ ድንጋይ ይገኝ። ለትምህርቱም አስተማሪ ከመቅጠር ይልቅ ያገሩ ቀጥቃጭ ተጠርቶ፥ ወንበር ተሰጥቶት፥ አበል ተከፍሎት አብሮ ይማር፤ ኋላም እሱ ያስተምር። በመጪው ጥቅምት መጀመሪያ ብራ በሆነ ቀን ድንጋይ የሌለበት አንድ ሜዳ ከሁለት ይከፈልና በአንዱ ወገን አጭሩን ማጭድ የለመደ ጎበዝ፥ በሌላው ወገን የቁሙን ማጭድ ሦስት ሳምንት የተለማመደ ሰው ይግባ። በአጭሩ የሚያጭደው ከሁሉ የበለጠው ይመረጥ፤ ማጭዱም በደንብ የተሳለ ይሁን፤ በኋላ ሰበብ እንዳይኖር። ጤዛው ሳይረግፍ ማለዳ ይጀምሩ፤ ሰዓቱን የሚይዝ፥ መሬቱን የሚለካና ሣሩን የሚመዝን ሰው ይቁም፤ ቁጥሩም ለማን እንዳደላ ሳይታይ በዚሁ መጽሔት ይታተም። ለሁለቱም አጫጆች አንድ ዐይነት ምሳና አንድ ዐይነት ጠላ ይቅረብላቸው፤ ስለ ጀርባቸውም በማግሥቱ ጧት ይጠየቁ።